ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ ማን ይቅርታ ጠየቀ?

ወገኖቼ፣ በኅዳር 21 የጽዮን ማርያም ንግሥ በደብራችን ዐፀድ የሆነውን አይታችኋል። ዝም ብላችሁ ልትረሱት ስለፈለጋችሁ እንደገና እነግራችኋለሁ።

መዝሙር ስታወጣ የነበረችው የ13 ዓመት ልጅ ናት። እናቷም አያቷም ምጣድና ጀበና ሠርተው ነው የሚያድሩት። ታቦቱ ዑደት አድርጎ እንደቆመ ከፊት ከነበሩት ሕፃናት አንዷ ዓይኗ ዞሮ ወደቀች። ጾመ ነቢያት ነው፣ ቅዳሴው እስከ ከሰዓት ዘልቋል፣ ሕፃኗ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳትቀምስ ፀሐይ ላይ ቆማለች። እናቲቱ ግን ጣቷን ወደ ዘማሪዋ ቀሰረች፤ «በላችብኝ! አምጡልኝ፣ እንትፍ ትበልባት!» ጎትተው አመጧት። የመዝሙር ልብሷን እንደለበሰች አንበርክከው ሕፃኗ ላይ እንትፍ አስባሏት። በድንጋጤ አፏ ደርቆ ምራቅ እምቢ ቢላት እንደገና አስገደዷት። ሕፃኗ ውኃ ጠጥታ፣ ዳቦ ቀምሳ ተነሣች። «ለቀቀቻት» ተባለ፤ እልል ያለም ነበር። መስቀል የያዙት አባቶች አጠገባችን ቆመው ያዩ ነበር።

ያን ማታ ልጅቱ እናቷን «እማዬ፣ እውነት ዓይኔ ሰው ይጎዳል?» ብላ ጠየቀቻት። አሁን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ መሬት መሬት እያየች ትሄዳለች። ሕፃን ከሩቅ ካየች መንገድ ትቀይራለች፣ እንዳትጎዳው ብላ! ይህን ስሰማ አለቀስኩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ምክር ነው። በዚያ ቀን ዝም ያሉ ሰዎች ቤቷ ድረስ ሄደው «የበታችነት ስሜት ከሰይጣን ነው፣ በእምነት አሸንፊው» አሏት። ሰይጣንን ምን አስፈለገው? እኛ ነን በጉልበቷ አንበርክከን የሰጠናት! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት እያላችሁ አትስደቡ ብለው በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ 100 ዓመት አልፎ፣ በሠሩት ምጣድ እየጋገርን፣ በሠሩት ጀበና እያፈላን፣ ልጃቸውን ቡዳ እንላለን። ያዕቆብስ በክርስቶስ ያላችሁን እምነት ለሰው ፊት ከማድላት ጋር አትያዙ ያለው ለማን ነው?

እርግጥ እምነት ቀና ያደርጋታል፤ እኔም አምናለሁ። አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ምክሩን ትታ አጠገቧ ተቀምጣ ኤርምያስ 18ን አነበበችላት፤ «ተነሥተህ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ውረድ፥ በዚያም ቃሌን አሰማሃለሁ።» ልጅቱ አስቆመቻት። «ቃሉን ሊያሰማው የላከው እኛ ቤት ነው?» አለች። አዎ፣ ጭቃ ወደሚቦካበት፣ እጅ ወደሚቆሽሽበት ቤት። ኢሳይያስም ጌታን «እኛ ጭቃ ነን አንተም ሠሪያችን ነህ» ብሎታል። ያን ምዕራፍ ለእናቷ ደጋግማ እንደምታነብላት ሰምቻለሁ። ነጠላው ግን ገና ከዓይኗ አልወረደም፣ ምክንያቱም ከደጅ ስትወጣ የምታገኘው እኛን ነው።

እናንት እናቶች፣ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋት። አባቶች፣ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ስሟን ጠርታችሁ ባርኳት፤ ውርደቷ በአደባባይ ነበርና። ለጥምቀት መዝሙር እንድታወጣ መምህርቷ ለምናታለች፣ እሷም እምቢ አላለችም። ልጆቻችሁን አጠገቧ አቁሙ። እንደምታቆሙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ተስፋ አድርጌባችሁ ነበር።