ለጮኹልን ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው

የማይሰማ ሰው በጩኸት ብዛት ሊሰማ እንደሚችል የሚያምኑ ወገኖች እንዳሉ አውቅ ነበር። እምነታቸው ይህን ያህል ጽኑ መሆኑን ያየሁት ግን ባለፈው ማክሰኞ ነው። ቦታው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ በእግር አሥር ደቂቃ የማይርቅ አንድ የአገልግሎት መስጫ፣ መስኮት ቁጥር ሦስት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እናንተም ገብታችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁበት ስለሆነ ቁስል መነካካት ይሆናል።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። የሄደው የጠፋበትን መታወቂያ ለማስተካት ነው። እኔ የተከተልሁት ሱሪዬን እስኪያሳጥርልኝ ድረስ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ነው።

እዚያ ቤት ተራ የሚጠራው በድምፅ ነው። ግድግዳው ላይ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ ከተሰቀለ ጀምሮ ሦስት ዜሮ ያሳያል። እኔ ቡና ልጠጣ ወጣ ባልሁበት ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ፣ ከዘበኛው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሁለት ጊዜ «የለም» ተባለ። እንደምንም መስኮቱ ዘንድ ደረስን። ጸሐፊው አንድ ነገር ተናገረ። ጎረቤቴ ጆሮውን በጣቱ ነክቶ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አገር ቢሆን ይህ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸው ይሆናል። የእኛ ሰው ግን በእጁ የነበረውን እስክሪብቶ አስቀመጠና፣ ለመጮኽ ሁለቱም እጆች ስለሚያስፈልጉ፣ አፉን በመዳፎቹ ከልሎ «ሲስተም የለም!» አለ።

ጎረቤቴ ዝም አለ። ጸሐፊው ተስፋ የሚቆርጥ ዓይነት አልነበረም፤ ቃሉን ቆራርጦ «ሲ... ስ... ተም... የ... ለም!» አለ። ሦስተኛው ላይ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ከኋላችን የተሰለፉ አሮጊት እናት «ኧረ ሲስተም የለም ነው የሚልህ፣ ልጄ!» ብለው በቀኝ ጆሮው ገቡ። አንድ ጎረምሳ ግራውን ያዘ። ዘበኛው ለዓመታት ተራ ሲጠራ ያሠለጠነውን ድምፁን ይዞ መጣ። ውጭ ያለ ባጃጅ ትራፊክ ፖሊስ የጮኸበት መስሎት ሞተሩን አጠፋ። ጩኸቱ በዘንባባዎቹ ሥር አልፎ ሐይቁ ላይ ደረሰ። ታንኳው ላይ የነበረ ዓሣ አጥማጅ ሲስተም እንደሌለ ሰምቶ መረቡን ሰበሰበ። የክብራን ገብርኤል አባቶች ደወል መስሏቸው ለጸሎት ተነሡ። ዘጌ ላይ የቡና ለቀማው ቆመ። ወደ ጎርጎራ ያቀናው ጀልባ ወደ ወደቡ ተመለሰ። ጢስ ዓባይ ለአፍታ ዝም ብሎ አዳመጠ የሚሉም አሉ። በዚያች ዕለት በጣና ዙሪያ ሲስተም አለመኖሩን የማያውቅ ነፍስ ያለው ፍጡር አልቀረም፣ ከጎረቤቴ በስተቀር።

እሱ ወደ እኔ ዞሮ ምን ይላሉ ሲል ቅንድቡን አነሣ። የእኔ የምልክት ቋንቋ የጎረቤት ነው፣ ከሰላምታና ከሱሪ ልክ ብዙም አያልፍም፤ የጣት ፊደሉን ግን አስተምሮኛል። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለ፣ ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሲ ሣልስ፣ ስ ሳድስ፣ ተ ግዕዝ፣ ም ሳድስ። ከዚያ እጄን ገልብጬ «የለም»። አምስት ሰከንድ አልፈጀም። ጎረቤቴ ሣቀ፤ ሲስተም እንደማይኖርማ ከቤት ሳይወጣ ያውቅ ነበር።

ጸሐፊው ተደነቀ። «ጎበዝ ነዎት!» አለኝ። ቀጥሎ «እሱ ከማን ጋር ነው የሚኖረው? ማንበብስ ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ሦስት ልጆች ያሳደገ ሰው ከፊቱ ቆሞ እኔ «እርስዎ» ተባልሁ፤ እሱ «እሱ» ሆኖ ቀረ።

ጎረቤቴ ማንበብ ይችላል፤ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አግኝቷል። ግን «ወረቀት ላይ ጻፉለት፣ በቃ» ለሚሉ ብልሆችም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምልክት ቋንቋ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም፣ የራሱ ሰዋስው አለው። ትምህርት ቤት ደጅ ላልደረሰ ሰው የጻፋችሁለት አማርኛ ሌላ ዓይነት ጩኸት ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። በዚችው ከተማ አንዲት የማትሰማ እናት ሐኪም ፊት ስትቀርብ ያስተረጎመችላት የዘጠኝ ዓመት ልጇ ናት። ሐኪሙ ለልጅቷ ነገራት። ልጅቷ «ዕጢ» የሚለውን ቃል በምልክት ስለማታውቀው ትንሿን ጡጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳየቻት። ይህን ሲያዩ የቆሙ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም አላፈሩም። ለሕፃን የማይነገር ነገር ለሕፃን አስነግረው፣ ቀጣዩን በሽተኛ ጠሩ። በድምፅ።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ አለን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ስለዚህ ጎረቤቴ አስተርጓሚ ካማረው መንገዱ ክፍት ነው፤ መጀመሪያ ወንጀል ይሥራ። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም፣ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ሕንፃዎች ሙያተኛ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ጭምር እንዲቀርብ አንቀጽ 9 ላይ ይጠይቃል። መስኮት ቁጥር ሦስት ክፍት የሚሆንበት ቀን ስለማይታወቅ ግን አንቀጹ የሚመለከተው አይመስለኝም። ባለሙያ የለም የሚሉም አሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ የሚያስተምረው ተመራቂዎቹን ለጌጥ ሊያስቀምጣቸው መሆን አለበት።

ደግነቱ መስከረም አለ። በመስከረም የምልክት ቋንቋዎች ቀን ሲከበር ሐይቁን በሚያይ አዳራሽ ባነር ይሰቀላል፣ «መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን» ይባላል (የዚያው ሰውዬ አፍ ነገ ኮሪደር ላይ «ያ ዱዳ» ይላል)፣ አስተርጓሚዋም ከትልቁ የአበባ ማስቀመጫ በስተኋላ ትቆማለች። እጇ አይታይም፤ አበባው ግን ያምራል። በመጨረሻ ሁሉም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እያርገበገበ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ምሳ ይበላል።

መታወቂያው? ጸሐፊው በመሰነባበቻችን በጣም ተባበረን። በተመላለስን ቁጥር እንዳንጉላላ አስቦ የጎረቤቴን ስልክ ቁጥር መዝገቡ ላይ አሰፈረ፤ ሲስተም እንደመጣ እንደውልለታለን ብሎኛል። ይኸው ስምንተኛ ቀናችን ነው። ደውለው ይሆናል።