ክሊን ሩም ስለሌለን አንማር ነው የምትሉን?

ከአዲስ አበባ ዳር ካሉ ኮሌጆች አንዱ ለኤሌክትሪካል ተማሪዎቹ በምርጫ ይሰጥ የነበረውን የኦፕቲካል ፊልተር ዲዛይን ኮርስ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ አጥፎታል። ኦፕቲካል ፊልተር ከብርሃን የተፈለገውን ሞገድ ለይቶ የሚያሳልፍ ወይም የሚመልስ ዕቃ ነው። ኮርሱ ግማሹ ስለ ቀጭን ንብርብር ሽፋን፣ ግማሹ ስለ ሲሊከን ፎቶኒክስ፣ ማለትም ብርሃንን በሲሊከን ቺፕ ላይ ስለመምራት ነበር። አንዱ ምክንያት የተማሪ ማነስ ነው ተብሏል። እሱን እንለፈው፤ የምርጫ ኮርስ መቼ ተማሪ ሞልቶት ያውቃል። እኔን ያበገነኝ ሁለተኛው ነው። ክሊን ሩም፣ ማለትም ቺፕ የሚመረትበት ከአቧራ የጸዳ ክፍል፣ የሌለው አገር ይህን ተምሮ ምን ያደርግበታል ተባለ። የሀብታም አገር ትምህርት ነው ተባለ። ከዚያ ፌስቡክ ላይ "መጀመሪያ ዳቦ" የሚለው ጩኸት ተከተለ።

ከክሊን ሩሙ እንጀምር። የታጠፈው ኮርስ ፊልተር የማምረት ኮርስ አይደለም። የዲዛይን ኮርስ ነው፣ ስሙ ላይ ተጽፏል። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ በመስኮቴ የሚታየኝ ኮንዶሚኒየም በኮንዶሚኒየም ላይ ነው። እነዚህን ሕንፃዎች የነደፏቸው ሰዎች ሲሚንቶ ፋብሪካ ነበራቸው? አልነበራቸውም። ታዲያ አርክቴክቸር ትምህርት ቤቶችን ለምን አንዘጋም? ኤንቪዲያ እንኳ ቺፕ የሚያመርትበት የራሱ ፋብሪካ የለውም። ይነድፋል፣ ታይዋን ያለው ቲኤስኤምሲ ያመርትለታል። ይህን ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ኮርስ የሚያጥፍ ሰው ግን አያውቅም ማለት ነው፣ ወይም እያወቀ ሰበብ ይፈልጋል።

ደግሞስ ዲዛይን ምን ይጠይቃል? እስቲ በቁጥር እንየው። ምንም ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በላዩ ላይ 100 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ማግኒዥየም ፍሎራይድ ቀቡት (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። ከሽፋኑ ላይኛ ገጽ የሚመለሰው ብርሃንና ከታችኛው የሚመለሰው ተቃራኒ ሆነው ይገናኙና አብዛኛው ይጠፋፋል። አረንጓዴ ብርሃን ላይ የሚመለሰው ወደ 1.3 በመቶ ይወርዳል። 100 ናኖሜትሩ ከየት መጣ? የአረንጓዴው ብርሃን የሞገድ ርዝመት 550 ናኖሜትር ነው፣ በማግኒዥየም ፍሎራይድ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ (ብርሃን በውስጡ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ በሚነግረው ቁጥር)፣ በ1.38 ይካፈላል፣ ከዚያ ሩቡ ይወሰዳል። በቃ። ለዚህ እስክሪብቶ ይበቃል።

አሁን ቀጥሉ። 58 ናኖሜትር ገደማ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ 94 ናኖሜትር ገደማ ሲሊከን ዳይኦክሳይድ እያፈራረቃችሁ ሰባት ጥንድ ደርድሩ። ያው የማይመልሰው መስታወት አሁን ከአረንጓዴው ብርሃን ከ99 በመቶ በላይ የሚመልስ መስታወት ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሁለት ድርድሮችን ፊት ለፊት አድርጋችሁ መሃላቸው የግማሽ ሞገድ ክፍተት ብትተዉ ደግሞ አንዲት ጠባብ ቀለም ብቻ ታልፋለች። ፈረንሳዮቹ ፋብሪ እና ፔሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሳዩት ነገር ነው፤ ዛሬም የፊልተር ሥራ መሠረት እሱ ነው። ስሌቱ እያንዳንዱን ንብርብር በሁለት በሁለት ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ጽፎ ማባዛት ነው። አሮጌ ላፕቶፕ በሰከንድ ይጨርሰዋል። ክሊን ሩሙ የቱ ጋ ነው?

ጭንቅላት የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጸረ ነጸብራቅ መነጽር ካላችሁ አውልቁና መብራት ሥር ያዙት። አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ጥላ ይታያችኋል። ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፣ ቀለሙ ይቀየራል። መነጽር ከሌላችሁ የስልካችሁን ካሜራ ሌንስ እንደዚያው አድርጉ። ብርሃን በሰያፍ ሲገባ ፊልተሩ የሚሠራበት ሞገድ ወደ አጭሩ ይሸሻል፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ ለሚገባ ብርሃን ብቻ የታሰበ ፊልተር ብርሃኑ ትንሽ ሲያዘነብል ሥራውን ይስታል። ዲዛይነሩ ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የንብርብሩ ውፍረት በጥቂት ናኖሜትር ቢሳሳት ምን ይሆናል የሚለውንም። ይህ ሁሉ ማሰብ ነው፣ ማሰብ ደግሞ ቀረጥ አይከፈልበትም።

ሲሊከን ፎቶኒክስ ላይ ነገሩ ይብሳል፣ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት የሲሊከን መስመር ወርዱ ወደ 500 ናኖሜትር፣ ቁመቱ 220 ናኖሜትር ነው። መስመሩን ራዲየሱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ቀለበት አድርጉትና ከሌላ መስመር አጠገብ አስቀምጡት፤ 1550 ናኖሜትር አካባቢ በየ9 ናኖሜትሩ ገደማ አንዲት ጠባብ ሞገድ ለይቶ ይወስዳል። ይህ ፊልተር ነው። የመስመሩ ወርድ በ1 ናኖሜትር ቢዛነፍ የሚለየው ሞገድም 1 ናኖሜትር ያህል ይዛነፋል። ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ደግሞ 0.08 ናኖሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ትንሽ ይመስላል? በኅዳርና ታኅሣሥ የእኛ ሰፈር ጠዋት እጅ ያቆረፍዳል፣ ቀትር ላይ ሹራብ ያስወልቃል። ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ ይበልጣል። በ10 ዲግሪ ቀለበቱ 0.8 ናኖሜትር ይሄዳል፣ በአንድ ፋይበር ጎን ለጎን በሚጓዙ፣ በ100 ጊጋኸርዝ በተራራቁ የመረጃ ቻናሎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ያችው 0.8 ናኖሜትር ናት። ዝም ብሎ የተተወ ፊልተር ጠዋት የራሱን ቻናል ይዞ ቀትር ላይ የጎረቤቱን ይለቅማል ማለት ነው። ቀለበቱን በአንድ ሙቀት የሚያቆየው ማሞቂያ የት ይቀመጥ? ምን ያህል ኃይል ይብላ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተማረ ልጅ እንጂ የነጭ ጋውን ክፍል አያስፈልግም።

"እሺ፣ ነድፎስ የት ያሠራዋል?" ለምትሉ፦ ብዙ ሰው በጋራ ከፍሎ በአንድ ዋፈር (ቺፕ በሚሠራበት የሲሊከን ዝርግ) ላይ ማሠራት በአሜሪካ ሞሲስ በሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ቤልጂየም ያለው የምርምር ማዕከል አይሜክ ለሲሊከን ፎቶኒክስም እንዲህ ያለ የጋራ ማምረቻ ዕድል ይሰጣል። የካናዳው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚያስተምረው ኮርስ ላይ ተማሪዎች የነደፉት ተመርቶ፣ ተለክቶ፣ ውጤቱ ይላክላቸዋል። መንደፊያው ኬሌይአውት ነጻ ነው። ብርሃኑ እንዴት እንደሚሄድ የሚያስላው ሚፕም ነጻ ነው። ንድፉ ፋይል ነው፣ በኢሜይል ይሄዳል። በዶላር ይከፈላል፣ ዶላር ደግሞ ችግር ነው፤ እሱን አልክድም። መብራት ሲጠፋ ሌሊቱን ሲሰላ ያደረው ሁሉ ገደል እንደሚገባም አልክድም። ይህ ግን ጄኔሬተር የሚያስገዛ እንጂ ኮርስ የሚያሳጥፍ አይደለም።

ወደ ዳቦው ልምጣ። ሰው ይህን ቃል ሲጥል ክርክሩ ያለቀ ይመስለዋል። ዳቦ ከስንዴ ነው፣ ስንዴ ደግሞ ከማሳ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ አጥብቆ ይመልሳል፤ የተጎዳው ቅጠል እንደዚያ አያደርግም። ሁለቱን ለይቶ የሚያነጻጽር ካሜራ ማሳው መታመሙን ገበሬው በዓይኑ ሳያየው ሊጠቁም ይችላል። ለይቶ የሚያነጻጽረው በምንድን ነው? በፊልተር! እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይና ወደ ሕዋ የተላከችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ 1 ብርሃንን በየሞገዱ ለይታ እንድታነሳ የተሠራች ናት። ያን ቀን ያጨበጨብን ሰዎች ዛሬ ፊልተር የሀብታም ነው ስንል አናፍርም?

ቤታችሁ ፋይበር ከገባም ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ትንሽ ሳጥን ተመልከቱ። አረንጓዴ ጫፍ ያለው ቀጭን ገመድ ይገባባታል። በዚያች አንዲት ክር 1490 ናኖሜትር ብርሃን ወደ ቤታችሁ ይመጣል፣ 1310 ናኖሜትሩ በዚያችው ክር ከቤታችሁ ይወጣል። ሁለቱ የማይደባለቁት ሳጥኗ ውስጥ የሚለያያቸው ፊልተር ስላለ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ያ በቀጭን ንብርብር የተሸፈነ ትንሽ መስታወት ነው። በየኮንዶሚኒየሙ ይህን ዕቃ በውጭ ምንዛሪ እየገዛን እንሰቅላለን፣ ውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሰው ማሠልጠን ግን ቅንጦት ነው እንባላለን። የሚገዛውን የማያውቅ አገር የሰጡትን ይቀበላል። የፊልተሩን መግለጫ ወረቀት አንብቦ "ይሄ በዚህ ሙቀት አይሠራም" የሚል አንድ ኢንጂነር ካላፈራን ነጋዴው ለምን ይጠንቀቅልን?

የኮርሱን መግለጫ አንብቤዋለሁ። ንብርብር፣ ማትሪክስ፣ ፕሮግራም መጻፍ፣ የሲሊከን ቀለበት፣ የመጨረሻ ፕሮጀክት። ላብራቶሪው ኮምፒውተር ክፍል ነው፣ ክፍሉም እዚያው ግቢ ውስጥ አለ። የኮሌጁ ኃላፊዎች ክሊን ሩም የሚጠይቀው የትኛው ሳምንት እንደሆነ ጠቁመው በጽሑፍ ይንገሩን። መጠቆም ካልቻሉ ምዝገባው ሳይዘጋ ኮርሱን ይመልሱት።