ክርክር፦ የተማሪ ዳታ ትምህርት ቤት ያሻሽላል ወይስ ሪፖርት ያሳምራል?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የመጣው ውጤት ሁሉም የሚያውቀው ነው። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። መፍትሔ ሲፈለግ ከሚነሱት ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቱ የተማሪውን ማርክ፣ አቴንዳንስና የሚሳሳታቸውን ጥያቄዎች በየጊዜው እየሰበሰበ አሠራሩን ያሻሽል። ይሄ ነገር በእውነት ይሠራል? ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። ደጋፊዋ የአንድ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናት፤ አሁንም ሂሳብ ታስተምራለች። ተቃዋሚው ለረጅም ዘመን ፊዚክስ ያስተማሩ መምህር ናቸው።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ፦

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል። አሁን አንድ ልጅ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናውን ካለፈ በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው አይፈትነውም። አራት ዓመት ሙሉ እኛው እናስተምራለን፣ እኛው እንፈትናለን፣ እኛው ማርክ እንሰጣለን። ካርዱ ላይ 85 እና 90 የሞላ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሲፈተን 30 በመቶ ያመጣል። ወላጅ ይደነግጣል። እኛም የደነገጥን እንመስላለን።

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ልጁ ከእጃችን ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ብንሰበሰብ ብንወቃቀስ ለእሱ ምንም አይፈይድለትም። እኔ የምፈልገው ዳታ ኅዳር ላይ፣ ያውም 9ኛ ክፍል ላይ የሚታየውን ነው። ብዙም አይደለም። ማን እየቀረ ነው? የትኛው ጥያቄ ብዙ ልጅ ጣለ? እነዚህን ሁለቱን በየሁለት ሳምንቱ ቁጭ ብለን ብናያቸው ይበቃል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማዋን ተማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው ያገኙት ነገር አለ። 9ኛ ክፍልን በደህና የጨረሰ ልጅ፣ ካልጨረሰው ይልቅ ሁለተኛ ደረጃን የማጠናቀቅ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ደግሞ ከ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ ይልቅ 9ኛ ክፍል ገብቶ ከክፍል መቅረቱ ስለ ወደፊቱ አብልጦ ይናገራል። ትምህርት ቤቶቹ ይህን ይዘው ተንቀሳቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2007 9ኛ ክፍልን በደህና የሚጨርሱት 57 በመቶ ያህል ነበሩ፤ በ2013 82 በመቶ ደረሱ።

የፊዚክስ መምህሩ፦

እህቴ፣ ሐሳብሽ ቅን ነው። እኔ ግን የቅን ሐሳብ ፎርም ሞልቼ ሞልቼ ነው ፀጉሬ የሸበተው። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም መጣ፣ ሞላን። 1ለ5 መጣ፣ የቡድን ቃለ ጉባኤ ጻፍን። ተከታታይ ምዘና መጣ። እሱን በተለይ እናንሳው፤ ከአንቺ ሐሳብ ጋር መንታ ነውና።

ተከታታይ ምዘና ሲጀመር ዓላማው አንቺ የምትዪው ነበር። ልጁን በትንሽ በትንሹ እየፈተንክ ያልገባውን ለይ፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ አርም። ግሩም ነው። ግን አንድ መምህር አምስት ሴክሽን ሲይዝ፣ በየሴክሽኑ 60 ልጅ ሲኖር፣ አንዲት አጭር ፈተና 300 ወረቀት ናት። በየሁለት ሳምንቱ 300 ወረቀት የሚያርመው ማነው? ስለዚህ ምን ሆነ? ደብተር ላመጣ 10 ከ10። ግሩፕ ሥራ ለሠራም ስሙን ላስጻፈም እኩል 10 ከ10። አንቺ የምትዪው 85 የመጣው ከዚህ ነው። ዳታ አንሶ አይደለም፤ ዳታ ስለተጠየቅን ነው የፈጠርነው።

ከላይ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ ስንት ፐርሰንት ከ50 በላይ አመጣ? እቅዱ መቶ ፐርሰንት ይላል። 70 ያለ መምህር ስብሰባ ላይ ይጠየቃል፣ 98 ያለው ይጨበጨብለታል። ታዲያ መምህሩ ሞኝ ነው? በእስክሪብቶው ያስተካክለዋል።

አሜሪካን ካነሳሽ አትላንታንም አንሺ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጆርጂያ ግዛት መርማሪዎች በከተማዋ 44 ትምህርት ቤቶች የፈተና ማጭበርበር እንደነበረ አረጋገጡ፤ 178 መምህራንና ኃላፊዎች እጃቸው አለበት አሉ። የተማሪ መልስ በላጲስ እያጠፉ የሚያርሙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ 11 ሰዎች ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። እነዚህ ሰዎች ክፉ ሆነው የተፈጠሩ አይደሉም። እንጀራቸው ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

የቺካጎው 82 በመቶስ? ልጁ ማለፉን የሚወስነው መምህሩ የሚሰጠው ማርክ አይደለም እንዴ? መምህሩ እጁን ትንሽ ካላላ ቁጥሩ በራሱ ይወጣል።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ፦

ጋሼ፣ የቺካጎውን ጥያቄ እዚያም ሰዎች ጠይቀውታል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። በእነዚያ ዓመታት የሚመረቁትም ልጆች ጨምረዋል ብዬ ልመልስልዎ ነበር። ግን ምረቃውንም የሚወስነው ያው ማርክ ነው ይሉኛል። ስለዚህ እዚያ ልተወው።

እስክሪብቶውን በተመለከተ እንስማማለን። እኔም ሮስተር የምዘጋ ሰው ነኝ፣ የምፈርምበትን አውቃለሁ። ግን የሚያወሩት ስለ ጠቅላላ ማርክ ነው። እኔ የምለው ስለ ስህተት ነው። የስህተት ዝርዝር ማንንም አያስጨበጭብም፣ ስለዚህ ማንም አያሳምረውም።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይ። የ9ኛ ክፍል ሂሳብ ሚድ ኤግዛም ነው እንበል፣ 20 ምርጫ። አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ኤክስ ሲደመር 3 በቅንፍ፣ ስኩዌር። ብዙው ልጅ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 9 የሚለውን ያከብባል። መካከል ያለው 6 ኤክስ ጠፍቷል። ማርኩን ብቻ ካየሁ ይህ ልጅ 11 ከ20 ነው፣ አልፏል፣ በቃ። የከበበውን ፊደል ካየሁ ግን ምን እንደተምታታበት አውቃለሁ። በአራቱም ሴክሽን ያው ፊደል ከተከበበ ነገሩ የልጆቹ ስንፍና አይደለም፣ የአስተማመራችን ነው። መድኃኒቱም አንድ ፔሬድ ነው። ጎኑ ኤክስ ሲደመር 3 የሆነ ካሬ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። ሁለቱ ቁራጮች እያንዳንዳቸው 3 ኤክስ ናቸው። የጠፋው 6 ኤክስ እነሱ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በተመሳሳይ ሐሳብ ሦስት ጥያቄ እሰጣለሁ። ያው ስህተት ከተመለሰ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ።

300 ወረቀት ማረምም አያስፈልግም። ከየሴክሽኑ 15 ወረቀት አንስቶ ፊደሎቹን መቁጠር በቂ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦

15 ወረቀት ማንሳቱ ጥሩ ነው፤ ይህቺን ወድጃታለሁ።

ግን ይህን እኔ ያለ ኤክሴል አውቀዋለሁ። የትኛው ጥያቄ እንደሚጥላቸው ፈተናውን ሳወጣ ነው የማውቀው። አንድ አውቶብስ ከቆመበት ተነስቶ እያለ የሚጀምረውን የእንግሊዝኛ ጥያቄ ስሰጥ፣ ልጆቹ የመነሻ ፍጥነቱ አልተሰጠም ብለው ይተዉታል። ከቆመበት ተነሳ ማለት የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው ማለት እንደሆነ ቋንቋው አልነገራቸውም። በአማርኛ ስነግራቸው ወዲያው ይሠሩታል። ይህን አውቄ ምን አመጣሁ? መጽሐፍ ለሦስት ይካፈላሉ። ቤተ ሙከራው ቁልፍ ነው፤ ቢከፈትም ባዶ ነው። ችግሩን አለማወቅ አይደለም የያዘን። አውቀነው መቀመጣችን ነው። ዳታ ላብራቶሪ አይገዛም።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ፦

አይገዛም። ግን አሁን የነገሩኝ ነገር ላብራቶሪ አይፈልግም እኮ! ፊዚክሱ ገብቷቸዋል፣ እንግሊዝኛው ነው የያዛቸው ብለውኛል። ይህን እርስዎ ያውቁታል። የእንግሊዝኛው መምህር ያውቁታል? ኬሚስትሪዋስ? ፊዚክስ ዲፓርትመንት ውስጥ የቀረ እውቀት ነው። ተመሳሳዩን ጥያቄ አንዴ በቁጥርና በምልክት ብቻ፣ አንዴ በዓረፍተ ነገር ይስጡ። የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን የጣለውን ቁጠሩ። ያንን ይዤ እንግሊዝኛ ዲፓርትመንት እሄዳለሁ። በንባብ ፔሬዳቸው የሳይንስ ጥያቄ እንዲያነቡ አደርጋለሁ። ይህ በጀት አይጠይቅም።

አቴንዳንሱም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ መምህር የራሱን ፔሬድ ያውቃል። ልጅቷ ፊዚክስ ላይ ሐሙስ ቀርታለች፣ ሂሳብ ላይ ሐሙስ ቀርታለች፣ ባዮሎጂም። ሦስት ሰዎች ሦስት ቦታ ላይ ጻፉት። አንድ ላይ ያየው ግን የለም። ስም ጠሪዋ በሁለት ሳምንት አንዴ ጎን ለጎን ብታየው፣ ሐሙስ የገበያ ቀን እንደሆነና ልጅቷ ከእናቷ ጋር እንደምትሸጥ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም። ኅዳር ላይ እናትየዋን ትምህርት ቤት እንጠራለን። ሰኔ ላይ ግን የምንጽፈው አንድ ቃል ነው፤ አቋርጣለች።

የፊዚክስ መምህሩ፦

የአቴንዳንሱን ተቀብያለሁ። ልከራከርሽ አልችልም።

ሌላ ነገር ላንሳ። ስም ዝርዝር ሲወጣ ዝርዝሩ ምን ይሠራል? ማለፊያው 50 ከሆነ፣ ብልጥ ትምህርት ቤት ከ40 እስከ 49 ያሉትን መርጦ ቱቶሪያል ይሰጣል። 20 ያመጣውን ማን ያየዋል? እሱን ማስተማር ለፐርሰንቱ አይጠቅምም። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በራፉ ላይ መቶ ፐርሰንት አሳለፍን የሚል ባነር ለመስቀል ደካማውን ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ ሌላ ቦታ ፈልግ ይለዋል። ያም በዳታ ነው የተሠራው፤ በጥሩ ዳታ።

ደግሞስ ዝርዝሩ የት ያድራል? ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሙሉ ሮስተር፣ ከነስሙ ከነደረጃው፣ ፎቶ ተነስቶ ሲለጠፍ አይቻለሁ። 58ኛ የወጣው ልጅ አጎት ሳይቀር አየው። አገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይህን ያነሳ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ፦

ሮስተር ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ነውር ነው። መከራከር አያስፈልገውም፣ ነገ ጠዋት መቆም አለበት።

50 ላይ ስለሚንጠለጠለው ምርጫ ያሉትም ትክክል ነው። ለዚህ ነው ከማለፊያ መስመር ጋር የተያያዘ ዝርዝር የማልፈልገው። ስህተትን ከሰበሰብኩ 20 ያመጣውም 48 ያመጣውም ክፍልፋይ መደመር ካልቻሉ አንድ ቡድን ናቸው። አንድ ክፍል ይገባሉ።

አንድ ነገር ግን ላስታውስዎ። ዝርዝር ባይወጣም 20 ያመጣው ልጅ አለ። ዝም ስላልነው አልተጠበቀም። በ2014ም በ2015ም ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እዚያ ውስጥ የነበሩት ልጆች ከክፍል ክፍል ሲዛወሩ የከረሙት በማን ፊርማ ነው? በእኛው።

የፊዚክስ መምህሩ፦

በእኛው ነው። እሺ፣ እንሞክረው ልበልሽ። ግን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። አንደኛ፣ ይህ የስህተት ቆጠራ የመምህር ሥራ አፈጻጸም ውስጥ አይገባም። በጭራሽ። ሁለተኛ፣ አንድ አዲስ ፎርም ስታመጪ ሁለት አሮጌ ፎርም ታስቀሪያለሽ። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ከግቢው አይወጣም። ለወረዳ አይላክም።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ፦

ሁለተኛውን በደስታ። ፎርሞቹን እርስዎ ይምረጡ።

ሦስተኛው ላይ አልስማማም። 9ኛ ክፍል የገቡት ልጆቼ ግማሹ ኔጌቲቭ ቁጥር መደመር ካልቻሉ ችግሩ ከእኔ ግቢ አልጀመረም። የላኩልኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማወቅ አለባቸው። እነሱን የሚያገናኘኝ ወረዳው ነው።

አንደኛውም ይከብደኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስህተት የሚያወጣ፣ ወረቀቱን እንኳ አንስቶ የማያይ መምህር ቢኖርስ? ዝም ልበል?

የፊዚክስ መምህሩ፦

እሱን ክፍል ገብተሽ ቁጭ ብለሽ እዪው። በቁጥር አትምጪበት። በቁጥር የመጣሽበት ቀን ከ15 ወረቀት 15ቱም ትክክል ይሆናሉ። ወረቀቶቹን የሚመርጠው እኮ እሱ ነው።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ፦

እንግዲያው ወረቀቱን እሱ አይምረጥ። ጥር ላይ እርስዎ የእኔን ሴክሽን ሂሳብ 15 ወረቀት ያንሱ፣ እኔ የእርስዎን ፊዚክስ። ስም ተሸፍኖ።

የፊዚክስ መምህሩ፦

ፈተናውንም እኛ አናውጣው። የጎረቤት ትምህርት ቤት መምህራን ያውጡት፤ እኛም የእነሱን እናወጣለን። ለወረዳ የሚሄድ ነገር ካለ ደግሞ ከመላኩ በፊት እኔ ላንብበው።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ፦

ያነቡታል፣ አስተያየትዎንም ይጽፉበታል። እንዳይላክ ግን እሺ አልልም።