ማስተካከያ፦ ስለ ብሉ ኤንጅልስ አውሮፕላኖች
የአሜሪካ ባሕር ኃይል የአየር ትርኢት ቡድን ብሉ ኤንጅልስ አሁንም በኤፍ/ኤ-18 ሆርኔት እንደሚበር፣ በትርኢቱ የሚታየው ጭስም የተቃጠለ ነዳጅ እንደሆነ፣ አብራሪዎቹም ጂ-ሱት (በኃይለኛ መታጠፍ ጊዜ በአየር እየተነፋ ደም ከጭንቅላት እንዳይሸሽ የሚረዳ ልብስ) እንደሚለብሱ ቀደም ሲል ተገልጾ ነበር። ሦስቱም ይታረሙ።

ሆርኔት ከ1986 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. አገልግሎ ተሸኝቷል፤ ከ2021 ወዲህ ትርኢቱ የሚቀርበው በሱፐር ሆርኔት ነው። ጭሱ ፓራፊን ነክ ዘይት ነው፤ የሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ ሲረጭ በሙቀቱ ይተናል።

ዋናው ግን የጂ-ሱቱ ጉዳይ ነው፤ አብራሪዎቹ አይለብሱትም። የአውሮፕላኑ መሪ ዘንግ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ፣ 18 ኪሎ ገደማ ጉልበት ያለው ስፕሪንግ ተገጥሞለታል፤ አብራሪው ክንዱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ይቋቋመዋል። ሱቱ በአየር ሲነፋ ክንዱን ከቦታው ያነሳዋል። አውሮፕላኖቹ እስከ 45 ሴንቲሜትር በሚቀራረቡበት አሰላለፍ ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህ አብራሪዎቹ ደም ከጭንቅላታቸው እንዳይሸሽ የእግርና የሆድ ጡንቻቸውን በመወጠር ይከላከላሉ።