ነጭ ነገር ሁሉ ባክቴሪያ አይደለም

«የልጁ ቶንሲል ላይ ነጭ ነገር ከታየ ባክቴሪያ ነው፤ ካለፈው የተረፈውን አሞክሳሲሊን ስጡት» የሚለው ምክር ከቅንነት ቢመጣም ስህተት ነው። ቫይረስም ልክ እንዲህ ያለ ነጭ ሽፋን ያመጣል። ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን ካለ ወደ ቫይረስ ያደላል፤ ድንገተኛ ትኩሳትና ሲነኩት የሚያም የአንገት ንፍፊት ያለ ሳል ከመጣ ግን ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ያስጠረጥራል። መለያው ከጉሮሮ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ነው፤ ፈጣኑ ምርመራ በደቂቃዎች ይደርሳል። ጥጡ ሁለቱንም ቶንሲሎች መንካት አለበት (ልጁ ሲታገል ምላስ ብቻ ነክቶ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ያኔ ውጤቱ ያሳስታል)። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ አሞክሳሲሊኑ በክብደቱ ተለክቶ 10 ቀን ሙሉ ይወሰዳል። የተረፈች ጥቂት መድኃኒት ግን ሕመሙን አስታግሳ ባክቴሪያውን ልትተወው ትችላለች፤ የልብ ቫልቭን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት የሚከተለውም እንዲህ ያለ የጉሮሮ ሕመም ተገቢውን ሕክምና ሳያገኝ ሲቀር ነው።