ማስተካከያ፦ ስለ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አጀማመር

የሕክምና ትምህርት ቤቶች በከተማና በገጠር መካከል ያለውን የጤና አገልግሎት ልዩነት በማጥበብ ረገድ ስላላቸው ድርሻ ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ፣ የጎንደር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሐኪሞችን ለማሠልጠን እንደተቋቋመ ተገልጿል። ይህ ትክክል አይደለም። ኮሌጁ የተቋቋመው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) ለማሠልጠን ሲሆን፣ የሐኪሞች ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ከጀርመኑ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። በአገሪቱ ሐኪሞችን በማሠልጠን ቀዳሚው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሕክምና ፋኩልቲ ነው።

እርማቱ ለዋናው ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። በዚያ ዘመን የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች በአብዛኛው በከተሞች ተሰብስበው ስለነበር፣ ጎንደር የመረጠችው መንገድ የሦስቱን ሙያ ሠልጣኞች በአንድ ቡድን አዋቅሮ ወደ ጤና ጣቢያዎች ማሠማራት ነበር፤ ጤና መኮንኑ ሕመምተኞችን ሲያይ፣ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሳኒታሪያኑም በንጹሕ ውኃና በመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ከነዋሪው ጋር ይሠራል። ለገጠሩ ሕዝብ በቅርብ የደረሰለት ይህ አሠራር፣ በእኛ እምነት፣ ከሚገባው ያነሰ ምስጋና ነው ያገኘው።

በዚሁ ጽሑፍ ተማሪዎችን ከማኅበረሰቡ ጋር በማሠልጠን ጅማ ጀማሪ ተደርጋ መቅረቧም መታረም ይኖርበታል። የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት ማድረጉ እውነት ነው፤ የጎንደር የቡድን ሥልጠና ግን ከሃያ ዓመታት በላይ ይቀድመዋል።