ከጂፒኤስ በፊት ጎማው ይታይ
እዚህ የወጣው ጽሑፍ የጭነት ድርጅቶች የናፍታ ወጪን ለመቀነስ ከሁሉ አስቀድመው ጂፒኤስ (የመኪናውን ቦታና እንቅስቃሴ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ) ሊያስገጥሙ ይገባል ማለቱን አልቀበልም፤ በጅቡቲ መስመር ስምሪት ላይ ለዓመታት የሠራሁ እንደ መሆኔ፣ ገንዘብ በብዛት ሲባክን ያየሁት በጎማ ላይ ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ ለመንከባለል ስለሚከብድ ሞተሩ ተጨማሪ ናፍታ ይበላል፤ በአፋር ሙቀት ደግሞ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግልና ይፈነዳል። እኛ ዘንድ ረዳቱ ጎማውን በብረት መታ መታ አድርጎ በድምፁ ብቻ «ደህና ነው» ይል ነበር፤ አንድ ቀን በመለኪያ ስናየው ግን ከተሳቢው ጥንድ ጎማዎች የውስጠኛው ከሚገባው ነፋስ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ አገኘነው፣ የውጭውም ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ጥርሱ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ (ሲሞቅ ግፊቱ ስለሚጨምር ያታልላል) ተወስዶ በመዝገብ እንዲጻፍ አደረግን። ከእኔ በፊት «ወረፋ ላይ ሞተር ከማጥፋት አለማጥፋት ይሻላል» ላሉት አስተያየት ሰጪም፦ የከባድ መኪና ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ፣ በጅቡቲ ድንበር፣ ጋላፊ ላይ 5 ሰዓት መቆም 15 ሊትር ያህል ናፍታ ያለ አንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ ማቃጠል ነው። ጂፒኤስ ይህን ሊያሳይ ይችላል፤ ሆኖም ሪፖርቱን በየቀኑ አንብቦ ሾፌሩን በአክብሮት የሚያነጋግር ሰው አስቀድሞ ሊመደብ ይገባል።